ትርንጎን ሳላያት የኖርኩበት ቤት

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ "እሱማ እንዲህ አይደለም፣ የአክስቴ ልጅ እዚያ ትኖራለች" የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ ከማንም የአክስት ልጅ ጋር መጣላት አልፈልግም። አገሩ ሞቃት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሕጉ ብዙ ነው። እዚያ የበረራ አስተናጋጅ ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የምተርክላችሁ ስለ በረራው አይደለም። በረራ ያው ነው፤ ሰው ይሳፈራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይወርዳል። የምተርክላችሁ ድርጅቱ ስለሰጠን ቤት ነው።

ቤቱ ባለ ሰባት ፎቅ ነው፤ የዕረፍት ማማ ይባላል። ድርጅቱ ቸር ስለሆነ ሁሉን በነጻ ይሰጣል፤ አልጋ፣ ማንኪያ፣ መጋረጃ፣ ጎረቤት። ለኔ የደረሰችኝ ጎረቤት ትርንጎ ትባላለች። አንድ በር፣ አንድ ወጥ ቤት፣ ሁለት መኝታ ክፍል፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የኔ። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አይቻት አላውቅም።

ይህ ዝም ብሎ የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የተደከመበት ነው። የበረራ ተራችንን የሚያወጣ የሠንጠረዥ ሹም የሚባል ሰው አለ። ሁለት ሰው ባንድ ቤት ባንድ ጊዜ ካረፈ ያወራል፣ ወሬ ደግሞ ዕረፍት አይደለም ብሎ ያምናል። ስለዚህ እኔ ስመጣ እሷ ትሄዳለች፣ እሷ ስትመጣ እኔ እሄዳለሁ። ለዚህ ጥበቡ ኒሻን ተሸልሟል። በሽልማቱ ቀን እንድናጨበጭብ ተጠርተን ነበር፤ እኔና ትርንጎም ተራ በተራ ሄደን አጨበጨብን።

ታዲያ አንተዋወቅም ማለት አይደለም። ትርንጎ ስትናደድ ድስት ትፈትጋለች። ድስቱ አብረቅርቆ ካገኘሁት "ዛሬ ደግሞ ምን አድርገዋት ነው?" እላለሁ። ደስ ሲላት ሽንኩርት ታበዛለች። ማቀዝቀዣው በር ላይ ቁራጭ ወረቀት እየለጠፍን እንጻጻፋለን፤ "ጋዙ ሊያልቅ ነው"፣ "ሽሮው ያንቺ ነው፣ አሙቂው"፣ "ዝናብ ስለመጣ ልብስሽን አስገብቼልሻለሁ"። የፋሲካ ለት ከበረራ ስገባ የሠራችው ዶሮ ጠበቀኝ፤ አንዲቷን እንቁላል እኩል ለሁለት ሰንጥቃ ግማሹን ትታልኛለች። አንድ ጊዜም ተጣልተናል። "ጨው ስትጨምሪ እጅሽ አይታወቅሽም" ብላ ጻፈችልኝ፣ እኔም "ላንቺ መች ሠራሁትና" ብዬ መለስኩላት። አሥራ ሦስት ቀን ተኮራረፍን። መኮራረፋችንን ግን ከሁለታችን በቀር ያወቀ የለም፤ በደህናውም ቀን አንነጋገርም ነበርና።

ቤቱን የሚጠብቁልን ሁለት ሹሞች ነበሩ። አንደኛው የእንቅልፍ ሹም ነው። ገና ጎረምሳ ነው፤ የሁላችንም ቁልፍ አለው። አያንኳኳም፣ ማንኳኳት እንቅልፍ ይረብሻልና። ገብቶ ትከሻችንን ነቅነቅ አድርጎ "ተኝተሻል?" ይላል። "አዎ" ካልነው "በርቺ" ብሎ ያስፈርመናል። አንዲት የዋህ "አልተኛሁም" ብላው ስለ እንቅልፍ ጥቅም የአራት ሰዓት ትምህርት እንድትከታተል ተፈረደባት፤ እዚያ ተኛች።

ሁለተኛው በሩ ላይ የሚቀመጠው የፊት ሹም ነው። ሸበቶ ነው፣ መነጽሩ ወፍራም ነው። ፊቱ የተዘረጋው ትልቅ መዝገብ ውስጥ በተቀጠርንበት ቀን የተነሣነው ምስል አለ፤ ፀጉር ወደ ኋላ ተጠቅልሎ፣ ከንፈር ቀይ ተቀብቶ፣ ከላይ ስድስት ጥርስ ታይቶ። ያንን ፊት ይዛ ያልመጣች እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ ከደጁ ቢጫ መስመር አያልፍም። ስለዚህ ዳቦ ልንገዛ ስንወጣም ተቀብተን ነው። መንጋጋዋን ተነቅላ ጉንጯ ያበጠ ልጅ እብጠቱ እስኪወርድ ሁለት ቀን ደጅ ሰንብታለች፤ ሾርባ በመስኮት በገመድ እናወርድላት ነበር። ሹሙ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ባያት ቁጥር "እግዜር ይማርሽ፣ ማን እንደሆንሽ ባላውቅም" ይላት ነበር።

እንግዳ ያስገባች ልጅ ቤቱን ትለቃለች። ቤቱን የለቀቀች ሥራውንም ትለቃለች፤ የሁለቱም ውል አንድ ወረቀት ነው።

አንድ ቀን ማለዳ ከበረራ ስመለስ ማቀዝቀዣው ላይ እንደ ወትሮው ቁራጭ ሳይሆን ሙሉ ገጽ ጠበቀኝ። እንዲህ ይላል፦

"ወይንሸት፣ እናቴ ዛሬ በዚህ ታልፋለች። ሦስት ሰዓት ላይ ወርዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ አየር ማረፊያው ትመለሳለች። ወንድሜ ልጆቹን እንድታሳድግለት እሱ ወዳለበት አገር እየወሰዳት ነው። የኛ አውሮፕላን ወደዚያ አይበርም፣ እሷም ተመልሳ መምጣቷን እንጃ። ይህን ቀን ከስምንት ወር በፊት ዕረፍት ጠይቄ ተፈቅዶልኝ ነበር። ዛሬ ንጋት ላይ ግን ጠሩኝ። ዕረፍት የተፈቀደለት ሰው ያረፈ ሰው ነው፣ ያረፈ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይጠራል አሉኝ። አሥር ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። በድርጅቱ አውቶቡስ ጭነው በቀጥታ ወደ ቤት ስለሚያመጡን አየር ማረፊያ ላገኛት አልችልም። እባክሽ ተቀበዪልኝና ደጃፉ ድረስ አምጪልኝ። በሩ ላይ አንድ ሰዓት ካየኋት ይበቃኛል። ስለ ጨው የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ።"

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ከንፈሬን አደስኩና ወጣሁ።

የትርንጎን እናት እማማ ዘርፌን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ድርቆሽ በቢጫ ባልዲ ይዘው የቆሙ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"የልጄ ጓደኛ ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ። ወይንሸት እባላለሁ።"

አገላብጠው ሳሙኝና ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ይፈልጉ ጀመር። ሥራ እንደጠራት፣ አሥር ሰዓት እንደምትደርስ ነገርኳቸው። "ሥራ ከጠራማ ምን ይደረጋል" አሉ። አሉ እንጂ ዓይናቸው ከትከሻዬ በላይ መፈለጉን አልተወም።

ታክሲ ውስጥ ጥያቄው መጣ።

"ከስታለች?"

"ኧረ ደህና ናት እማማ።"

"ወፈረች እንዴ?"

"መካከለኛ ናት።"

"ያ ሳሏስ?"

"የሳል ሽሮፑ ከጥር ወዲህ አልጎደለም" አልኩ። እሱን እንኳ በእውነት መለስኩ። እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰው ስለ ጓደኛው ሲጠየቅ ስለ ጠርሙስ አይመልስማ። ደንግጬ ውሸቱን ለቀቅኩት። "በየቀኑ አብረን ነው የምንበላው። እሷ ካልቀመሰች እኔም አልቀምስ" አልኩ። "ተባረኪ" አሉኝ።

የዕረፍት ማማ ደጃፍ ስንደርስ ገና አምስት ሰዓት አልሞላም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ በዚያ አገር ጥላ ሥር ለመቆምም ፈቃድ ይጠየቃል። የእማማ ዘርፌ እግር ከጫማቸው ላይ ተርፎ አብጧል፤ ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ላይ ነው ያደሩት። እስከ አሥር ሰዓት እዚያ ባቆማቸው ለትርንጎ የማስረክባት እናት ሳትሆን በሽተኛ ነው። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ክንዳቸውን ይዤ እስከ ቢጫው መስመር ሄድኩ።

የፊት ሹሙ መነጽሩን አስተካክሎ አያቸው። እሳቸውም ሰው ትክ ብሎ ሲያያቸው ዝም ማለት ነውር ስለሆነባቸው ፈገግ አሉ። ከላይ ስድስት ጥርስ ታየ። ሹሙ መዝገቡን ገለጠ፣ ገለጠና አንድ ገጽ ላይ ቆመ።

"ትርንጎ" አለ። "ዛሬ ረጅም በረራ ነበር መሰለኝ።"

አልሳቀም፤ አልቀለደም። በዚያ ቤት ሰው በሃያ ስድስት ዓመቱ ወጥቶ በማግስቱ አርጅቶ ሲመለስ ማየት ለሱ የየዕለት ሥራው ነበር።

አንገቴን አስግጌ መዝገቡን አየሁ። ትርንጎን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው። ሰፊው ግንባር፣ የቀኝ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር እማማ ዘርፌ ራሳቸው ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ተቀንሶላቸው።

"ከንፈርሽን ቀቢና ግቢ" አለ ሹሙ።

እማማ ዘርፌ ወደኔ ዞሩ። "ምን ነው የሚለኝ?"

"ከንፈርዎን ትንሽ ቀለም እንዲቀቡ ነው።"

"እኔ? ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ቅቤ እንኳ አናቴን ነክቶኝ አያውቅ።"

"ልጅዎን እንዲያዩ ነው እማማ።"

ትንሽ አሰቡ። "እሷን የሚያሳየኝ ከሆነ ጥላሸትም ቀቢኝ" አሉና ከንፈራቸውን አሾሉልኝ። በጣቴ ቀባኋቸው። ሹሙ "ትርንጎ፣ ገባች" ብሎ ጻፈ። የጻፈው ከታወቀ ትርንጎ ቤትም ሥራም የላትም፤ እኔም እንደዚያው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እሷ ሳትጠየቅ መሆኑ ነው።

ቤት ገብተን እማማ ዘርፌ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ልጃቸው አልጋ ነው። ትራሱን አሸተቱት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ መጡ። ድስቱን ከፍተው አዩ፣ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጣጠፈውን አዩ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛው አጠገብ ያሉት ሁለት ወንበሮች ላይ ዓይናቸው አረፈ። አንደኛው መቀመጫው ተልጧል። ሌላኛው ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ ቀስ ብለው። "በየቀኑ አብረን እንበላለን አላልሽኝም?"

ላስቲኩን በእጄ ልሸፍን ሞከርኩ።

"ልጄን አይተሻት ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም እማማ።"

"በስንት ጊዜ?"

"በሁለት ዓመት።"

የተላጠው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። "ታዲያ ምን ታውቂያለሽ?" አሉኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ድስቱ ነገርኳቸው፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ግማሿ እንቁላል፣ ስለ አሥራ ሦስቱ ቀን ኩርፊያ። ሲስቁም ሲያለቅሱም አይቻለሁ። "ድስት መፈተጓ ከኔ ነው" አሉ። "አባቷ ሲያበሽቀኝ እኔም እንዲያ ነበርኩ።" ከዚያ ደከማቸውና ሄደው ልጃቸው አልጋ ላይ ጋደም አሉ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የእንቅልፍ ሹሙ በቁልፉ ከፍቶ ገባ። ላስቆመው ብሞክር "ትርንጎ ገብታለች ተብሏል፣ መተኛቷን ላረጋግጥ ነው" አለኝ። ገብቶ ትከሻቸውን ነቀነቀ።

"ተኝተሻል?"

እማማ ዘርፌ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "አንተ ልጅ፣ እናት አልወለደችህም? የተኛ ሰው ይቀሰቀሳል? ወግድ ከዚህ።"

ጎረምሳው ወደ ኋላ ተንደርድሮ ወጣ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። በኋላ የጻፈውን አየሁት፤ "ትርንጎ በደንብ ተኝታለች። ስትነቃ ድምፅዋ ከበድ ይላል" ይላል።

አሥር ሰዓት ሲሆን ከታች ጫጫታ ሰማን። ደረጃውን በእማማ ዘርፌ እግር ልክ ቀስ እያልን ወረድን። ከቢጫው መስመር ማዶ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ኩሉ ጉንጯ ላይ ወርዷል፣ ከንፈሯ ላይ ቀለም የሚባል አልቀረም።

"ትርንጎ ነኝ እኮ" ትላለች።

"ትርንጎ ውስጥ ናት" ይላል የፊት ሹሙ። "አምስት ሰዓት ላይ ገብታለች። ስምንት ሰዓት ላይ ተኝታ ተገኝታለች፤ የእንቅልፍ ሹም መስክሯል። አንቺ እንግዳ ነሽ።"

ትርንጎ ነገሩ ገብቷታል መሰለኝ፣ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። "ያቺማ እናቴ ናት" ብትል ሁላችንም እንጠፋለን። ካላለች ደግሞ እዚያው መስመሩ ማዶ ቆማ ሰዓቱ ያልቃል። እማማ ዘርፌም ቢሆኑ መውጣት አይችሉም ነበር፤ ከረጅም በረራ ገብታለች የተባለች ሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳታርፍ አትወጣም። ወዲህ ብል ገደል፣ ወዲያ ብል ገደል ሆነብኝ።

እማማ ዘርፌ ግን ልጃቸውን አዩ።

"ትርንጎ" አሉ። "ትርንጎዬ።"

የፊት ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ወደሳቸው ዞሮ "ትርንጎ አንቺ ነሽ። ራስሽን ነው የምትጠሪው?" አላቸው።

"አዎ" አሉ እማማ ዘርፌ ሳያመነቱ። "ራሴን ነው።"

ሹሙ መዝገቡን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ ልጅቷን አየ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና የሕጉን መጽሐፍ አወጣ፤ አቧራውን እፍ አለ። "አንቀጽ አርባ አራት" ብሎ አነበበልን። "ሁለት ፊት አንድ ምስል የኔ ነው ቢሉ፣ ሹሙ አመሳክሮ እስኪወስን ድረስ መስመሩ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እስከዚያው ማንም አይለያያቸውም።" መጽሐፉን አጠፈ። "ጎን ለጎን ቁሙ።"

ቆሙ። አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ውጪ። ተቃቀፉ እንጂ ጎን ለጎን አልቆሙም። ሹሙ አልተቃወመም። "እንደ ምስሉ ፈገግ በሉ" አላቸው፤ አልቻሉም። "እንግዲያው ፊታችሁ እስኪደርቅ መወሰን አልችልም" አለና መነጽሩን አውልቆ ይወለውል ጀመር። ወለወለው፣ ወደ ብርሃኑ አነሣው፣ እንደገና ወለወለው። ብዕሩ ቀለም ጨረሰ ብሎ ሌላ ሊያመጣ ሄደ፤ ስንት ክፍል ዞሮ እንደመጣ እንጃ። ሲመለስ ውኃ በሁለት ብርጭቆ ይዟል። አንዱን ለእናት ሰጠ፣ አንዱን ለልጅ።

እነሱ መስመሩ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። እማማ ዘርፌ የልጃቸውን እግር ከጫማው አውጥተው ያሹላታል፤ እሷ "ያንቺው ነው እኮ ያበጠው" ትላለች። ስለ ወንድሟ ልጆች ያወራሉ፣ የጎረቤት ሠርግ ላይ ማን እንዳልተጠራ ያወራሉ፣ ደግሞ ይሳሳቃሉ። አንድ ሰዓት ለማልቀስ ይበቃል ብዬ ነበር፤ ለካ ለሐሜትም ተርፎ ይቀራል።

ሹሙ ያን ቀን ሁሉን አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ ነው የሚለውን እስካሁን አልፈታሁትም። አንዳንዴ ደግ ሰው ነው እላለሁ፣ አንዳንዴ ዓይኑ ደካማ ነው እላለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ፍርዱን ሰጠ። "ያለቀሰችው ትገባለች። የተኛችው ትወጣለች፤ ዕረፍቷ በቅቷታል።" ሁለቱም አልቅሰዋል፤ ቢሆንም አልተከራከርንም። መዝገቡ ላይ "ትርንጎ ወጣች፣ ትርንጎ ገባች" ብሎ ጻፈና አሸገው።

ታክሲው መጣ። እማማ ዘርፌ ልጃቸውን ስመው ስመው ሲያበቁ እኔን ያዙኝ። ከንፈራቸው ላይ የቀረችው ቀለም ጉንጬ ላይ ቀረች። "ያንን ውሸትሽን እውነት አድርጊልኝ" አሉኝ በጆሮዬ። "አብራችሁ ብሉ።" ከዚያ ገቡና ሄዱ። ታክሲው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ቆመን አየን። ትርንጎ ትከሻዬ ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ብዙ አለቀስን።

ሲወጣላት ቀና ብላ አየችኝና አፍንጫዋን ጠረገች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለችኝ። "አንቺ ግን ማን ነሽ?"

"ወይንሸት ነኝ።"

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "እንዲህ ነሽ?"

"እንዲህ ነኝ።"

"ረጅም ትመስይኝ ነበር" አለችና ሁለት እጄን ይዛ ቀረች።

የበረራ መኪናዬ መጥታ ጥሩንባ የምትነፋው ይሄኔ ነው። እሷ ገባች ማለት እኔ መሄዴ ነዋ፤ ኒሻን የተሸለመው ሰው ምን ሠራና። ሾፌሩ ሁለቴ ነፋ፣ ሦስቴ ነፋ። እጄን በግድ ነው ያስለቀቅኳት። ሻንጣዬን ከፎቅ አውርጄ ገባሁና መኪናዋ ተንቀሳቀሰች።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። እሱም ቅጽ ነበረው፤ በዚያ አገር ቅጽ የሌለው ሾፌር የለም።

"ያቺ ዘመድሽ ናት?" አለኝ።

"እህቴ ናት" አልኩት።

መኪናዋን አቀዝቅዞ ብዕሩን አወጣ። "ከዘመድ ጋር አንድ ቤት መኖር ክልክል ነው። ልጽፈው ነው።"

በኋላው መስኮት ዞር ብዬ አየሁ። ትርንጎ ከቢጫው መስመር ውጪ ቆማ ሁለት እጇን ታወዛውዛለች።

"እንግዲያው አላውቃትም" አልኩት።

እሱም "አታውቃትም" ብሎ ጻፈ። እኔ እየጻፈ ሳለ እጄን አወዛውዝላት ነበር።